አንድ ነጥብ እንዲቀነስብን ስለመጠየቅ

ለክቡር የከተማችን የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊ፣
ከመንግሥት ሥራ በተረፈዎት ጊዜም የሐሙስ አመሻሽ የጠቅላላ ዕውቀት ውድድር ጥያቄ አዘጋጅ፣ አንባቢና ዳኛ፤

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎን እመኛለሁ። በተለይ ጉሮሮዎ ደኅና ይሁን፤ በሰፈራችን መጠጥ ቤት እውነት የሆነውና ያልሆነው የሚለየው በእርስዎ ድምፅ ነውና። መነጽርዎም አይጥፋብዎ፤ የጠፋ ዕለት ሁላችንም የምናውቀውን ይዘን ወደየቤታችን ልንገባ ነው። ቤተሰብዎ፣ መሥሪያ ቤትዎና መሥሪያ ቤትዎ የሚያሳትማቸው መጽሔቶች ሁሉ በሰላም ይሰንብቱ።

እኔ ከፍርድ ቤቱ አጥር ሥር ጠረጴዛ ዘርግቼ ለሠላሳ አንድ ዓመት የሰው ማመልከቻ ስጽፍ የኖርኩ ሰው ነኝ። «ክቡር ሆይ» የሚለውን ቃል ከገዛ ልጆቼ ስም ይልቅ ብዙ ጊዜ ጽፌዋለሁ። በራሴ ስም ስጽፍ ግን ይህ የመጀመሪያዬ ስለሆነ፣ ሥርዓቱን የሳትኩበት ቦታ ካለ ይለፉኝ። ሰው ብዙውን ጊዜ የሚያመለክተው የተነፈገውን እንዲሰጡት ነው። እኔ የማመለክተው የሰጡንን መልሰው እንዲወስዱልን ነው።

ጠረጴዛችንን ያውቁታል፤ መስኮቱ ሥር ያለው፣ አንድ እግሩ አጭር ስለሆነ የታጠፈ ካርቶን የተደረገለት ነው። አራት ነን። የሰውነት ክፍልና የበሽታ ጥያቄ የነርሷ ነው፤ መንገድ፣ ወንዝና ዋና ከተማ የሾፌሩ ነው፤ ሕግ፣ ታሪክና የቀረው የማይረባ ነገር ሁሉ የእኔ ነው። አራተኛው ጡረታ የወጣ ግንበኛ ሲሆን፣ ግንበኞች የግድግዳውን ቀጥ ማለት በሚለኩበት፣ በክር ላይ በሚንጠለጠለው ብረት ስም ቱንቢ ብለን እንጠራዋለን፤ ሲናገርም ሲቆምም ዘንበል ማለት አያውቅም። ውድድሩ ከተጀመረ በሁለት ዓመት ውስጥ እርሳስ ነክቶ አያውቅም፤ የሚመጣው እኛን ብሎ ነው። ብርጭቆውን በሁለት እጁ ይዞ ያዳምጣል፤ ስናገኝ ከእኛ በላይ ደስ ይለዋል፤ ስንስት ደግሞ ተዉት፣ ጥያቄው ራሱ የተንሻፈፈ ነው እያለ ያጽናናናል።

አሁን ወደ አቤቱታዬ ልግባ፤ ሙያዬ ነውና በቁጥር አደርገዋለሁ።

አንደኛ፦ የድልድያችንን አርባኛ ዓመት ምክንያት በማድረግ፣ ባለፈው ወር የመጀመሪያ ሐሙስ፣ በዘጠነኛ ጥያቄነት «ድልድያችን ሲሠራ ስንት ሰው ሞተ?» ብለው ስለጠየቁን ከልብ አመሰግናለሁ። በአርባ ዓመት ውስጥ ይህን የጠየቀ ባለሥልጣን እርስዎ ብቻ ነዎት። የሚያሳዝነው መልሱን ይዘው መምጣትዎ ነው። ሲያነቡት ፈገግ ብለው ነበር፤ ያን ፈገግታ እኛ ደንበኞችዎ እናውቀዋለን፤ ማታለያ ያለበት ጥያቄ ሲደርስ የሚያሳዩን ነው።

ሁለተኛ፦ ቱንቢ እርሳሱን ከእጄ ወሰደ። ወረቀቱን ወደ ራሱ ስቦ፣ በአኃዝ ሳይሆን በፊደል፣ ቀስ ብሎ፣ «ሦስት» ብሎ ጻፈ። እኔ ግን መሥሪያ ቤትዎ ለበዓሉ ያሳተመውን መጽሔት ሁለት ጊዜ አንብቤው ነበር፤ ገጽ አሥራ አንድ ላይ «አንድም የሰው ሕይወት ሳይጠፋ» የሚል አለ። ወደ ጆሮው ተጠግቼ፣ ወንድሜ ይሄ ማታለያ ነው፣ መልሱ ምንም ነው አልኩት፤ የጻፈውን ሰረዝኩ፤ ከሥሩ «ምንም» ብዬ ጻፍኩ። ከየት አመጣኸው ብዬ እንኳ አልጠየቅሁትም። አልተቆጣም፤ እሺ፣ የምታነበው አንተ ነህ አለኝና እጁን ጠረጴዛው ሥር አደረገ። እኔም ተነሥቼ በማይክሮፎንዎ መልሳችንን ተናገርኩ፤ እርስዎም ትክክል አሉ። ለገጽ አሥራ አንድ የሕትመት ጥራት ምስጋናዬ ይድረስዎ፤ ፊደሉ ጎላ ያለ ስለሆነ ሰው አንዴ ካየው ዓይኑን ጨፍኖም ይታየዋል።

ሦስተኛ፦ በአንድ ነጥብ ብልጫ አሸነፍን። ለዕድሜ ይገባል ብለው ዋንጫውን ለቱንቢ ስለሰጡት ትሕትናዎን አደንቃለሁ። ዋንጫው ላይ ድልድዩ ተቀርጾበታል። ጎንበስ ብሎ በሁለት እጁ ተቀበለዎት፣ ፎቶግራፍ ተነሣ፣ ከዚያም ዋንጫውን ጠረጴዛችን ላይ አስቀምጦ ወጣ።

አራተኛ ብዬ ልቀጥል ነበር፤ ከዚህ በኋላ ያለው ግን ቁጥር አልይዝ አለኝ።

ነርሷ ቤቷ ከወንዙ ማዶ ስለሆነ ተከትላው ወጣች። የድልድዩ ሦስተኛው ምሰሶ ላይ ሲደርሱ ቱንቢ ቆመ፤ ለእኛ ለሃያ ዓመት ያልነገረንን ለእሷ ነገራት። ድልድዩ በተሠራበት ዓመት ክረምት ወንዙ ሞልቶ መሐንዲሱ ሥራው እንዲቆም በደብዳቤ አዝዞ ነበር። የሠራተኞቹ አለቃ ግን ጎብኚ ይመጣል ተብሎ ስለነበር እሑድ ጠዋት የቀን ሠራተኞችን ሰብስቦ አወጣቸው። ዝናብ የጠጣው የእንጨት መወጣጫ ከነሰዎቹ ተናደ። ሦስት ሰው ወንዝ ገባ። የሁለቱ ሬሳ በማግስቱ ታች ካለው ወፍጮ ቤት አጠገብ ተገኘ። ሦስተኛው የቱንቢ ታናሽ ወንድም ነበር፤ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር፤ አለቃውን ለምኖ ሥራ ያስገባው ቱንቢ ራሱ ነው። እሱ እስከ ዛሬ አልተገኘም።

ነገሩን ስሰማ እንደ ልማዴ ሰነድ ፍለጋ ሄድኩ፤ በመዝገብ ቤትዎ የሚሠሩት እኅት በጨዋነት አስተናገዱኝ። ሥራው በዚያ ቀን በደብዳቤ ቆሟል፤ ስለዚህ እዚያ የነበረ ሰው ሥራ ላይ አልነበረም። ሦስቱ የቀን ሠራተኞች ናቸው፤ ስለዚህ ድልድዩን የሠራው ድርጅት ሠራተኞች አልነበሩም። ክቡር ሆይ፣ መጽሔትዎ አልዋሸም። ሥራ ባልነበረበት ቀን፣ ሠራተኛ ያልነበሩ ሰዎች፣ ገና ድልድይ ካልሆነ ነገር ላይ ወድቀው ሞቱ። በሠላሳ አንድ ዓመት ሥራዬ ብዙ ቀዳዳ የደፈነ ማመልከቻ ጽፌአለሁ፤ እንዲህ ያለውን ግን አልቻልኩበትም፤ ባርኔጣዬን አነሣለሁ።

ከመዝገብ ቤቱ በተመለስኩ ማግስት ቱንቢ ቤት ሄድኩ። የግቢው በር ላይ ቆሞ አገኘሁት። ይቅርታ ልጠይቀው ሦስት ዓይነት ንግግር አዘጋጅቼ ነበር። እሱ ግን ወደ ውስጥ ግባ አላለኝም። ዛሬ አይመቸኝም፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ሌላ ቀን ይምጡ አለኝ። ሃያ ዓመት ሙሉ አንተ ሲለኝ የኖረ ሰው ነው። ስድብ ቢያወርድብኝ ኖሮ ሸክሜ በቀለለልኝ፤ በአክብሮት ሸኘኝ፤ በመንገድ ላይ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። ከዚያ ወዲህ አምስት ሐሙስ አልፏል፤ አልመጣም። ሾፌሩ ወንበሩን ለሌላ ሰው አላስነካ ብሎ ኮቱን አንጠልጥሎበት ይቀመጣል።

እንግዲህ ጥያቄዬ አጭር ነው። በዘጠነኛው ጥያቄ የሰጡን ነጥብ እንዲቀነስብን፤ ከዚህ ደብዳቤ ጋር አያይዤ የላክሁት ዋንጫ ሁለተኛ ለወጡት ለባንክ ሠራተኞቹ ጠረጴዛ እንዲሰጥልን፤ ትክክለኛው መልስም ከሦስቱ ሰዎች ስም ጋር በዚያው በማይክሮፎንዎ እንዲነበብልን እለምናለሁ። ስማቸውን ነርሷ ከቱንቢ አፍ ጽፋ ይዛዋለች። እዚህ አላሰፈርኩትም፤ መዝገብ ውስጥ ተኝቶ እንዳይቀር፣ ከእጇ ወስደው ራስዎ እንዲያነቡት ብዬ ነው። ማስረጃ ካስፈለገዎ የተሰረዘው ወረቀት በመጠጥ ቤቱ ባለቤት ዘንድ አለ፤ ከስረዛው ሥር «ሦስት» የሚለው አሁንም ይነበባል። የሰረዘው እጅ የእኔ ነው፤ በዚህ እርስዎን አልከስም።

በገጽ አሥራ አንድ የተማርኩ፣ በዳኝነትዎ ያሸነፍኩ፣ በማሸነፌም ወዳጄን ያስቀየምኩ፣ ለመጽሔትዎ ቀጣይ ዕትም ረጅም ዕድሜ፣ ለአንባቢዎቹም ጥቂት ጥርጣሬ የምመኝ፣

አክባሪዎ፣
ማመልከቻ ጸሐፊው

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ደብዳቤ አጥፌ ፖስታ ውስጥ ካስገባሁ በኋላ ቱንቢ ጠረጴዛዬ ድረስ መጣ። ተቀይሜህ ነበር፣ የቀረሁት ግን በእሱ አይደለም አለኝ። ውድድሩ በከተማው ሬዲዮ በቀጥታ እንደሚተላለፍ እርስዎ ያውቃሉ፤ እኔ ረስቼው ነበር። እናቱ ዘጠና ሊሞላቸው ነው፤ ሐሙስ ሐሙስ የልጃቸውን ጓደኞች ድምፅ ለመስማት ሬዲዮውን ታቅፈው ይቀመጣሉ። በዚያን ዕለት ጥያቄዎን ሰሙ፤ የእኔን «ምንም»፣ የእርስዎን «ትክክል»፣ ጭብጨባውንም ሰሙ። ቱንቢ ቤት ሲደርስ ደጃፉ ላይ ቆመው ጠበቁት። ማንም አልሞተም አሉ እኮ፣ ታዲያ ትንሹ ልጄ እስካሁን ምን አስቀረው ብለው ጠየቁት። ከዚያ ቀን ጀምሮ የግቢው በር እንዳይዘጋ አዝዘዋል፤ ልጁን ፍለጋ ብቻቸውን እንዳይወጡም ቱንቢ ከበሩ አይርቅም፤ ወደ እኔ የመጣውም ለጥቂት ጊዜ ጎረቤት በሩ ላይ አቁሞ ነው። እርማቱ ሲነበብ እሳቸውም ይሰሙታል፤ ልጃቸው ለሁለተኛ ጊዜ ይሞትባቸዋል። ይነበብ ወይስ ይቅር ብዬ ጠየቅሁት፤ ይነበብ አለኝ። ስለዚህ ክቡር ሆይ፣ የሚያነቡበትን ሐሙስ ሁለት ቀን አስቀድመው ያሳውቁን። በዚያ ዕለት መስኮቱ ሥር ያለው ጠረጴዛ ባዶ ይሆናል፤ አራታችንም እሳቸው አጠገብ ተቀምጠን እንሰማዎታለን።