ከአምስተኛው ደብተር የወጣው ገጽ

አባዬ፣

እንደምን ነህ ብዬ አልጀምርም፤ መልስ በማይመጣበት ጥያቄ ደብዳቤ ስከፍት ብታየኝ በቀይ እስክሪብቶ ታሰምርብኝ ነበር። ካንተ ከተለየን ዓመት ከሁለት ወር ሆነ። በእነዚህ ወራት ብዙ አለቀስኩ፤ ከማልቀሴ ግን መናደዴ ይበልጣል። ይህንንም ደብዳቤ የምጽፍልህ እንደተናደድኩ ነው፣ ቅር እንዳይልህ።

የቤቱን ወሬ ላስቀድም። አዋሽ ያለው ቤታችን ደህና ቆሟል። ዳዊት ግድግዳውን አስለስኖ ቀለም አስቀብቶታል፤ የሳሎኑን ስንጥቅ ግን አላስነካሁትም። መሬቱ ይንቀጠቀጥ በነበረበት ሰሞን፣ በሰፋ ቁጥር በእርሳስ እያሰመርክ ቀኑን የጻፍክበት ስንጥቅ ነው። ዳዊት «ታላቅ እህቴ ነሽ ብዬ ነው እንጂ፣ እንግዳ ሲመጣ ምን ይለናል?» ብሎ ተቆጣኝ። የአባታችን የእጅ ጽሑፍ ነው በለው አልኩት። ወንበርህን ከስንጥቁ ፊት ለፊት አድርጌዋለሁ። ከሰመራ በመጣሁ ቁጥር እዚያ እቀመጣለሁ። የግቢዋ የኒም ዛፍ ጣራውን አልፋለች፣ የጎረቤት ፍየሎችም ዛሬም ጥላዋን አይለቁም።

አሁን ወደ ንዴቴ ልግባ። ሙት ዓመትህ ዕለት ከሰበካ ጉባኤው አንድ ሽማግሌ ተነስተው «ዝምተኛና ታዛዥ ሰው ነበር» ብለው መሰከሩልህ። ዝምተኛ! አንተ! በጭነት መኪና ተሳፍረህ ከአዋሽ ሰመራ እስክትደርስ ሾፌሩን በጥያቄ የምታደክም ሰው፣ ዕድሜህን ሙሉ ፊዚክስ አስተምረህ ሳይበቃህ በስተርጅና ፍልስፍና ተምረህ እሱንም ማስተማር የጀመርክ ሰው! ሳልፈልግ ሳቄ አመለጠኝ። አክስቴ ክርኗን ጎኔ ላይ ሰካችው።

ያቺን እሑድ ረስተዋታል፣ ወይም እንዲረሷት ፈልገዋል። እኔ አልረሳኋትም። ሕዝቡ ቤቱ እንዳይጫነው ፈርቶ በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ሞልቶ ነበር። ከሩቅ የመጣው ሰባኪ መንቀጥቀጡ በከተማዋ ኃጢአት የመጣ ቁጣ ነው አለ። የሾፌሮቹን ማደሪያ ጠቀሰ፣ እዚያ የሚሠሩትን ሴቶች ጠቀሰ። ሁለቱ በነጠላቸው ተሸፋፍነው ከኋላዬ ቆመው ነበር። ያን ጊዜ ነው አንተ ከሰንበት ተማሪዎችህ መካከል የተነሳኸው። «መሬቱ መሰንጠቅ የጀመረው እኛ ሳንፈጠር ነው» አልክ። «ይህን ሸለቆ ያበጀው ያው መሰንጠቅ ነው። ወንዙ የሚሄደው፣ እናንተም ሽንኩርትና ሐብሐብ የምትዘሩት እሱ በከፈተው ቦታ ነው። እባካችሁ፣ እግዚአብሔርን በሴቶቹ ላይ በሐሰት አታስመስክሩት።» ድምፅህ ይንቀጠቀጥ ነበር።

በሳምንቱ፣ ማስተማርህን ለጊዜው እንድታቆም የሚል ደብዳቤ ደረሰህ። የእገዳው ጊዜ ሳያልቅ ልብህ በድንገት ቆመ። ለቅሶ ቤት ድንኳን ውስጥ አንዲት ሴት እኔ መኖሬን ሳታይ «አፉን ፈጣሪ ራሱ ዘጋው» ስትል ሰማኋት። አባዬ፣ በሰባት ደብተር ጽፈህ የተውከውን መጽሐፍ አሳትማለሁ ብዬ የማልኩት በዚያች ደቂቃ ነው። አፍህ እንዳልተዘጋ ላሳያት ፈለግኩ።

ሰባቱንም ደብተሮች ሰመራ ወስጄ በትርፍ ጊዜዬ በኮምፒውተር መተየብ ጀመርኩ። ሥራዬን ታውቃለህ፤ ቀኑን ሙሉ ማይክሮስኮፕ ላይ ተደፍቼ ደም ውስጥ ወባ እፈልጋለሁ። አለ ወይም የለም ብዬ እጽፋለሁ፣ ያየሁትን አልደብቅም። በዚህም አንተ ትኮራብኝ ነበር። ይህችን ነገር ያዝልኝ፣ እመለስባታለሁ።

ወሬው እንደተሰማ ፈላጊዎችህ መጡ። የሰበካ ጉባኤው ሰዎች መጽሐፉን በደብሩ ስም እናሳትመው አሉ፤ ስለ መሬት መንቀጥቀጥ የጻፍክበት ምዕራፍ ብቻ ተቆርጦ ይቅር አሉ። ሰመራ አብሮህ ያስተማረው ወዳጅህም መጣ። እሱ የመንቀጥቀጡን ምዕራፍ አድንቆ አልጠገበም፣ የጸሎቱ ምዕራፍ ግን ይውጣ አለ። «ትርሲት፣ ይሄ የቁም ነገር ሥራ ነው። ጸሎት ሲያይ አንባቢው ዲያቆን ጻፈው ብሎ ያስቀምጠዋል» አለኝ። አንዱ ግማሽህን ይፈልጋል፣ ሌላው ሌላውን ግማሽ። ለሁለቱም አይሆንም አልኩ። ሽማግሌው «የሴት ግትር» አሉኝ፣ ወዳጅህ ደግሞ «ስሜታዊ ሆነሻል» አለኝ። ደስ አለኝ፤ ባንተ የወጣሁ መሰለኝ።

ስለ ፍሬን የጻፍከውን ስተይብ ብቻዬን ሳቅኩ። እኔም እኮ ነበርኩ፤ ጋቢናው ውስጥ መሀላችሁ ተቀምጬ ነበር። ሾፌሩ ከሚሌ ልንነሳ ስንል ወርዶ ፍሬኑን ፈተሸ፣ ጎማውን በብረት መታ መታ አደረገ፣ ከዚያ ወጥቶ መሪውን ይዞ አማተበ። አንተ ታዲያ ትተወዋለህ? «ፍሬኑ ደህና ከሆነ ለምን ታማትባለህ?» አልከው። «መምህር፣ ፍሬኑን ለመኪናው ነው፣ ማማተቡን ለእኔ» አለህ። «ባታማትብስ?» አልከው። «እጄ ይንቀጠቀጣል።» «ፍሬኑን ባትፈትሽስ?» «ያን ጊዜማ የማማትበው በድፍረት ነው፣ እግዚአብሔርን መፈታተን ነው» አለህ። እስከ ገዋኔ ድረስ ቃል አልተነፈስክም። ከዚያ ንግግር ሙሉ ምዕራፍ አወጣህ፤ እውነተኛ እምነት ፍሬኑን የሚፈትሽ እምነት ነው አልክ። ብስክሌትህን ለትምህርት ቤቱ ዘበኛ ሰጥቼው ፍሬን የለውም ብሎ እንደመለሰልኝ ግን ሳልነግርህ አላልፍም።

ወደ ሐጂ ሁመድ ልምጣ። ግመሎቻቸውን ከአዋሽ ወጣ ብሎ የሚያሰማሩት ወዳጅህ፣ አንተን ዳጉ ያስተማሩህ ሰው። በሦስተኛው ደብተር እንደጻፍከው፣ ሁለት አፋሮች መንገድ ላይ ሲገናኙ የቱንም ያህል ቢቸኩሉ አረፍ ብለው ዳጉ ይለዋወጣሉ፤ የዝናቡን፣ የሳሩን፣ የታመመውን፣ የተጋባውን ወሬ። ተናጋሪው በዓይኑ ያየውን ለይቶ፣ የሰማውን ደግሞ ከማን እንደሰማው ጨምሮ ይናገራል። የሚያሳፍር ነገር ቢኖርበት እንኳ አይዘልም፤ ሰሚው ያንኑ ይዞ ወደ ሌላ ሰው ይሄዳልና። መጽሐፍህ በሙሉ የቆመው በዚህ ላይ ነው። ፀሐይ ከምድር የምትርቀውን አንድም ቀን ራሴ አልለካሁም፣ ክርስቶስ ሲነሣም አልነበርሁም፤ ሁለቱንም ያመንሁት ነጋሪ አምኜ ነው አልክ። ስለዚህ ሳይንቲስቱንም ሰባኪውንም አንድ ጥያቄ እጠይቃለሁ ትላለህ፦ ያየኸው የቱ ነው፣ የሰማኸው የቱ ነው፣ የዘለልከውስ?

ሐጂ ሁመድ ማንበብ አይችሉም። ስለዚህ በየቅዳሜው ኒሟ ሥር እያስቀመጥኩ አነበብኩላቸው። ዱላቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው፣ እያንዳንዱን ነገር እየጠየቁ ይሰማሉ። አምስተኛውን ጨርሰን ስድስተኛውን ደብተር ከፈትኩ። «እንደገና መጸለይ የጀመርሁ ዕለት» ብሎ ይጀምራል። ዱላቸውን ብድግ አደረጉ።

«ቆይ ልጄ። መቼ ነው ያቆመው?»

«እንዲያው አነጋገር ነው፣ ሐጂ» አልኩ።

«ወላሂ፣ አባትሽ እንዲያው አይናገርም።»

ፊቴ ጋለ። ደብተሩን ከደንኩት። አላፈጠጡብኝም፣ አልተቆጡኝም። «ይሄ ዳጉ አላለቀም፤ ሲያልቅ እሰማለሁ» ብለው ተነስተው ወደ ግመሎቻቸው ሄዱ።

አባዬ፣ ልናዘዝልህ ነው። የአምስተኛውን ደብተር የመጨረሻ ገጽ ያወጣሁት እኔ ነኝ። ለሁለቱም ወገን አይሆንም ብዬ ደረቴን ስነፋ፣ ገጹ አጣጥፌ የደበቅኩበት የነጭ ጋውኔ ኪስ ውስጥ ነበር። እንዲህ ይላል፦ «ባለቤቴ የሞተች ዕለት ጸለይሁ፤ ማንም አልመለሰልኝም። ከዚያ በኋላ አርባ ቀን ቤተ ክርስቲያን ቆሜ አንድ ቃል ከአፌ አልወጣም። ሰው ሲያማትብ አማተብሁ፣ ውስጤ ግን ማንም አልነበረም። የልጄን እጅ ይዤ ቆምሁ፤ እሷ በእኔ ተደግፋለች፣ እኔ የምደገፍበት አልነበረኝም። ይህን ከማንም አልሰማሁትም፣ ያየሁት ነው።»

ለምን እንዳወጣሁት መጀመሪያ ለራሴም ዋሸሁ። ያቺ የድንኳኗ ሴት ታራግበዋለች፣ ወዳጅህም ‹ይኸው እሱ ራሱ አላመነበትም› ይላል ብዬ ነው አልኩ። እውነቱ ግን ሌላ ነው። እማዬ በሞተች ጊዜ እኔን ያቆመኝ ያንተ እጅ ነበር። አባቴ የሚያውቀው ነገር አለ ብዬ ነው የቆምኩት። ያ እጅ ባዶ እንደነበር ሳነብ ተናደድኩብህ። ያላየሁት እንዲሆን ፈለግኩ። ወባ አግኝቶ «የለም» ብሎ የሚጽፍ ሰው ቢያጋጥመኝ ከሥራ ይባረር እላለሁ፣ እኔ ግን ያንኑ አደረግኩ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ገጹን ይዤ ራሴ ወደ ሐጂ ሁመድ ሄድኩ። የደበቅኩት እኔ ነኝ ብዬ ከዚያ ጀመርኩ፤ ዳጉ ነውና እሱም አይዘለልም። አነበብኩላቸው። ዱላቸውን ከጉልበታቸው አንስተው መሬት ላይ አኖሩ። «አልሐምዱሊላህ» አሉ። «ስለ ፀሐይዋም፣ ስለ መሬቱም፣ ስለ ጌታውም የነገረኝን አሁን ነው ያመንኩት። በራሱ ላይ ያልዋሸ ሰው ነው።»

መጽሐፉ ወጥቷል፣ አባዬ። ሰመራ አንዲት ትንሽ ማተሚያ ቤት ናት ያተመችው፤ ሽፋኑ ደብዛዛ ነው፣ ወረቀቱም ያንተን ደብተር ያህል አይሆንም። ግን ምንም አልጎደለውም። መንቀጥቀጡም ጸሎቱም አለ፣ ገጹም በቦታው ገብቷል። ለሰበካ ጉባኤው አንድ፣ ለወዳጅህ አንድ በእጄ አደረስኩ። ሽማግሌው ሳይገልጡት ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። ያቺን የድንኳኗን ሴትም ቤቷ ድረስ ሄጄ ሰጠኋት፤ እጇን ዘርግታ ተቀበለችኝ። ያስተማርካቸው ልጆች በደብሩ ውስጥ እንዳያነቡት ተነግሯቸዋል አሉ። ስለዚህ እኛ ቤት ኒሟ ሥር መጥተው ያነባሉ፤ ማንም ይህን ሊከለክለኝ አይችልም።

ባለፈው ሳምንት ሚሌ ላይ ለምሳ ወርደን ሳለ አንድ የማላውቀው አፋር ሰው አጠገቤ መጥቶ ቆመ። ከጭፍራ ነው የመጣው። «ሚስቱ ስትሞት አርባ ቀን ዝም ያለው፣ ከዚያ እንደገና የጸለየው መምህር ልጅ አንቺ ነሽ?» አለኝ። ከማን ሰማህ አልኩት። የሰማበትን ሰው ስም፣ እሱም ከማን እንደሰማ ቆጥሮ ቆጥሮ ሐጂ ሁመድ ላይ አደረሰልኝ። አንዲት ቃል አልጎደለችም። ነኝ አልኩት።

አልረሳህም። ግን እነሱ እንደሚያስታውሱህ አድርጌ አላስታውስህም፤ ዝምተኛና ታዛዥ አድርጌም፣ እኔ እንደተመኘሁህ ምንጊዜም ጽኑ አድርጌም አይደለም። ማንም ስላንተ ሲጠይቀኝ ካየሁት እጀምራለሁ። ውስጥህ ባዶ ሆኖ፣ ምንም የምትደገፍበት ሳይኖርህ፣ አርባ ቀን ሙሉ እጄን አልለቀቅህም። ይህን ከማንም አልሰማሁትም።

ልጅህ ትርሲት
አዋሽ፣ ከስንጥቁ ፊት ለፊት