መከለያ ያለው ማርሚታ

ውድ ልጄ፣

የሞተሬን ማርሚታ፣ የጭስ ማውጫውን፣ ሳትጠይቂኝ ፈትተሽ ቁርጥራጭ ብረት ለሚሰበስበው ሰው ሰጥተሽብኛል። እኔ ተኝቼ ሳለሁ፣ በገዛ መፍቻዬ። ይህን በደል ብዬ ነው የምጠራው፤ ሌላ ስም አላወጣለትም። ይህን ካስቀደምኩ በኋላ ሌላውን ልንገርሽ።

"ከዛሬ ጀምሮ እዚህ ቤት እግርሽን እንዳላይ" ማለቴን አልረሳሁም። መርሳት ካልን ደግሞ፣ የምጽፍልሽ ስለ እሱ ነው።

የአያትሽን መጨረሻ አላየሽም፤ ገና አልተወለድሽም ነበር። አባቴ የወለደን ልጆቹን "እናንተ የማን ናችሁ?" እያለ ነው የሞተው። ከመውጣትሽ በፊት በነበረው ሰሞን እኔም ወደዚያው እየሄድኩ ነበር። ጠዋት ጠዋት ራሴን የሚፈልጠኝ ሌላ ነው። መፍቻ በእጄ ይዤ መፍቻ እፈልጋለሁ። አንድ ዕለት በሟች እናትሽ ስም ስጠራሽ፣ የያዝሽውን ሳህን አስቀምጠሽ ወደ ጓዳ ገባሽ። ማልቀስሽን አውቄያለሁ። ለማንም ሳልናገር፣ እንግዲህ ተራዬ ደረሰ ብዬ ተቀምጬ ነበር።

"አባዬ፣ ጭሱ ነው፤ እባክህ በሩን ክፈተው" ስትይኝ ሳቅሁብሽ። "ሞተር ያስተማረኝ ሰው የለም፤ አሁን አንቺ ልታስተምሪኝ ነው?" አልኩሽ። ልማዴን ታውቂዋለሽ። ጠዋት ከመኝታዬ ጎን ባለችው መሥሪያ ክፍል ሞተሩን አስነሳለሁ፤ የመንገዱ ጫጫታ እንዳይገባብኝ በሩን እዘጋለሁ፤ ጆሮዬን አስጠግቼ እያዳመጥኩ ካርቡራተሩን አስተካክላለሁ። ሌላው በመሣሪያ የሚለካውን እኔ በጆሮዬ ነው የምለካው። ማርሚታው ግን ከሥሩ በዝገት ወንፊት ሆኖ፣ በቆርቆሮ ላይ ቆርቆሮ ለጥፌበት ነበር።

አንቺ ሻንጣሽን ይዘሽ ስትወጪ እኔም በንዴት ሌላ ልገዛ ወጣሁ። ለአሮጌ ሞተር ማርሚታ መምረጥ ለአሮጌ ሰው ሚስት ከመምረጥ ይብሳል። የፋብሪካው ማርሚታ ዛሬ አይመረትም፤ ያለው ሌሎች አስመስለው የሠሩት ነው። የአንዱ ጉሮሮ ይጠባል፣ የሌላው የቡሎን ቀዳዳ አይገጥምም፣ ሌላው በእጅ ሲመቱት እንደ ጣሳ ይጮሃል። የመለዋወጫ ሻጩ አንድ የሚያብረቀርቅ አጭር አወረደልኝ።

"ፋዘር፣ ይቺን ከገጠሙ ሲመጡ ሰፈሩ በሙሉ ይሰማል።"

"ሰፈሩ ምን በድሎኝ?"

"ጉልበትም ይጨምራል እኮ።"

"ለሞተሩ ነው ለእኔ?"

እሱ ሳቀ፤ እኔ አልሳቅሁም። እንዲህ ያለ ክፍት ማርሚታ ለእኔ ካርቡራተር አይሆንም፤ አየሩ ይበዛና ነዳጁ ያንሰዋል፣ ሞተሩ ይግላል። ይህንኑ ነገርኩት። "እሺ ፋዘር፣ እንዳሉ" ብሎ መልሶ ሰቀለው።

ያለ ማርሚታ ሞተር ማስነሳት ደግሞ ለእኔ ነውር ነው። ስለዚህ በእግሬ እየዞርኩ ሳምንታት አለፉ፤ ሞተሩ ቆሞ ከረመ። አንድ ቀን መንገድ ማዶ ካለው በያጅ ዘንድ ተቀምጬ፣ የማርሚታውን ርዝመት፣ የጉሮሮውን ስፋት፣ የቀዳዳዎቹን ርቀት ከአእምሮዬ እየጠራሁ ነገርኩት። መነጽሩን ወደ ግንባሩ ሰቅሎ አየኝ።

"አንተ ሰውዬ፣ ባለፈው ስሜ ጠፍቶብህ 'ስማ አንተ ብየዳ' ስትለኝ አልነበረም? ምን አግኝተህ ነው?"

"ምንም።"

"ራስ ምታትህስ?"

ግንባሬን ዳበስኩ። ራሴ አላመመኝም። ከመቼ ጀምሮ እንደተወኝ ወደ ኋላ ሄጄ ፈለግሁ። የተወኝ ማርሚታው ከቤት ከወጣ ወዲህ ነው።

ቤት ገብቼ በመሥሪያ ክፍሉና በመኝታዬ መካከል ያለውን በር አየሁ። የታችኛው ጠርዙ ጥቀርሻ ለብሷል። በትራሴ በኩል ያለውን ግድግዳ ስዳብሰው መዳፌ ጠቆረ። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጬ ዝም ብዬ ተነፈስኩ። አየር ማስገባት፣ አየር ማስወጣት። ሌላ ሥራ አልነበረኝም።

በማግስቱ ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። ሁሉን ነገርኩት። የማስታወስ ችሎታዬን ሊፈትን ወረቀት ሰጥቶ የግድግዳ ሰዓት ይሳሉልኝ አለኝ። ሳልኩና "የእኔ ልክ ነው፤ ያንተ ግን ወደ ኋላ ቀርቷል" አልኩት። ቀና ብሎ ግድግዳውን አየ፤ የእጁን ሰዓትም አየ።

"አባባ፣ አእምሮዎ ከእኔ ይሻላል" አለኝ። "የጭሱ መርዝ ነው የነበረው። በር ክፍት ያድርጉ፣ ሌላ መድኃኒት የለኝም።"

መንገድ ላይ ስሄድ የሆነ ሰው ያፏጫል። ዞሬ ፈለግሁት። እኔ ነኝ።

ያን ዕለት ማርሚታውን መረጥኩ። ረጅም ነው፣ አያብረቀርቅም፣ ድምፁ ዝግ ያለ ነው። ሻጩ "ይሄን እኮ የሚፈልገው የለም" እያለ ከታች አቧራውን ጠርጎ አወጣልኝ። ጉሮሮውን በያጁ አስተካከለልኝ፤ የገጠምኩት እኔ ነኝ። በጎኑ የሙቀት መከለያ አለው። መከለያው ለነጂ አይደለም፤ የነጂ እግር እዚያ አይደርስም። ከኋላ ለሚቀመጥ ሰው ነው። ትምህርት ቤት ሳደርስሽ ማርሚታው የቀኝ ባትሽን አቃጥሎ የተወው ጠባሳ አሁንም አለ። አስቀምጪው ያልኩሽ ቦታ እግርሽን ስላላስቀመጥሽ ነው፤ በዚህ ሐሳቤን አልለወጥኩም።

የመሥሪያ ክፍሉን የውጭ በር ከነማጠፊያው ነቅዬዋለሁ። ወደ መኝታዬ የሚወስደውን በጡብ ደፍኜዋለሁ። አሁን ሞተሩን የማስነሳው ደጅ አውጥቼ ነው። የመንገዱ ጫጫታ ይረብሸኛል፤ እችለዋለሁ።

እሁድ ጠዋት አውቶቡስ ማቆሚያው ጋ እጠብቅሻለሁ። ሻንጣሽን ከፊት እኔ እይዘዋለሁ፣ አንቺ ከኋላ ትቀመጫለሽ። በመንገድ ስለፈለግሽው አውሪኝ። "ብዬህ ነበር" የሚለውን ግን አልሰማም፤ ጆሮዬ ደህና ቢሆንም አልሰማም። በደሉ በደል ነው። ከላይ ጽፌዋለሁ፤ ከዚህ በኋላ እስክሞት ከአፌ አይወጣም።

አባትሽ