በሕይወት ሳሉ መታሰቢያ የቆመላቸው የወይዘሮ ኢብሴ ኡርጂ የሕይወት ታሪክ

ጥር 9 ቀን 2017 ዓ.ም. ረፋድ ላይ ወይዘሮ ኢብሴ ኡርጂ ዳሪሙ በሚገኘው ቤታቸው ሲያርፉ ከአጠገባቸው የነበሩት ጎረቤታቸው ወይዘሮ ኡርጌ፣ ሲያስታምሟቸው የቆዩት ነርስ ቢሊሴ እና ያሳደጉት የልጅ ልጃቸው ሮብሳን ናቸው። ልጃቸው አቶ ጅራታ ሂካ መቱ ነበሩ።

ወይዘሮ ኢብሴ ከአባታቸው ከአቶ ኡርጂ ዋቆ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ዲንቄ ቶላ በ1944 ዓ.ም. እዚያው ዳሪሙ ተወለዱ። በልጅነታቸው ትምህርት ቤት አልገቡም። በመሠረተ ትምህርት ዘመን ግን ሕፃን አዝለው እየተመላለሱ ማንበብና መጻፍ ለምደዋል። በ1961 ዓ.ም. ከአቶ ሂካ ዶሪ ጋር በሥርዓተ ቤተ ክርስቲያን ተጋብተው አቶ ጅራታን እና ወይዘሮ ተስፋነሽን ወልደዋል። ቡና እየለቀሙ፣ የሰው ማሳ እያረሙ፣ ጅራታን መቱ ቤት ተከራይተውለት እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል አስተማሩት። ለሁለቱ የሚበቃ ስላልነበረ ተስፋነሽ ከቤት ቀረች። እርሷም በ1999 ዓ.ም. ስታርፍ ወይዘሮ ኢብሴ ልጇን ሮብሳንን ተቀብለው አሳደጉ።

አቶ ጅራታ በቡና ንግድ ተሳክቶላቸው በመቱ የተከበሩ ሰው ሆኑ። አባታቸው አቶ ሂካ በ2006 ዓ.ም. ካረፉ በኋላ፣ አቅም የሌላቸው የገጠር ልጆች በአንድ የግል ኮሌጅ በነፃ የሚማሩበትን ዕድል በወላጆቻቸው ስም ለማቋቋም ተነሡ። በዚያው ሰሞን፣ በ2008 ዓ.ም.፣ ወይዘሮ ኢብሴ በሳንባ ምች ታመው መቱ ሆስፒታል ተኙ። ጠያቂ ሁሉ አይተርፉም አለ። አቶ ጅራታም የመታሰቢያው ምረቃ ቀን ቀርቦ ስለነበር የሁለቱን ወላጆች ስም፣ የተወለዱበትንና ያረፉበትን ዓመት በእብነ በረድ አስቀረጹ። ወይዘሮ ኢብሴ ግን ድነው ተነሡ።

አቶ ጅራታ ከሆስፒታል በቀጥታ ዳሪሙ አደረሷቸው። ከመኪናው ሳይወርዱም እንዲህ አሏቸው፦ "እማዬ፣ እንግዳው ተጠርቷል፤ ድንጋዩም ተቀርጿል። መቱ ላይ ሰው ሁሉ አልቅሶልሻል።"

"ታዲያ ምን ላድርግ? ልሙትልህ?"

"እንደዚያ አላልኩም። ለጊዜው መቱ አትምጪ ነው ያልኩት።"

ጊዜው ዘጠኝ ዓመት ሆነ። አቶ ጅራታ ዱቄትና ዘይት መላክ አላቋረጡም። ወይዘሮ ኢብሴ ዓይናቸውን ለመታከም ወደ በደሌ ሲወሰዱ መኪናው በመቱ ያልፍ ስለነበር፣ ከተማው እስኪያልቅ ነጠላቸውን ተከናንበው አንገታቸውን ደፍተው ተቀመጡ። ሮብሳን አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ሲጨርስም፣ "ለሰው ልጅ የሰጠኸውን ለእህትህ ልጅ ስጠው" ብለው በስልክ ለመኑ። አቶ ጅራታ የመለሱት፣ "ማን አሳደገህ ብለው ይጠይቁታል እኮ፣ እማዬ" የሚል ነበር። ሮብሳን እዚያው ቀረ።

ነርስ ቢሊሴ ኡካ ከሚባለው የገጠር አካባቢ የመጡ ናቸው። በዚያው ነፃ ዕድል ተምረው በ2014 ዓ.ም. ዳሪሙ ተመደቡ። ወይዘሮ ኢብሴን ጤና ጣቢያ ሲያዩዋቸው ደንግጠው ቆሙ።

"እትዬ፣ ፎቶዎን አውቀዋለሁ። ኮሌጅ ሳለን በየዓመቱ ቆመን የሕሊና ጸሎት አድርገንልዎታል።"

"እግዜር ይስጥልኝ፣ ልጄ" አሉ ወይዘሮ ኢብሴ። "ጉልበቴ የተሻለኝ ለካ በእናንተ ነው።"

በ2015 ዓ.ም. ቢሊሴ ይዘዋቸው መቱ ወደሚደረገው የኮሌጁ ዓመታዊ የመታሰቢያ ዝግጅት ሄዱ። በሩ ላይ ጥበቃው፣ "እናቴ፣ ጥሪ ይዘዋል?" ሲላቸው፣ "የሟቿ ዘመድ ነኝ" ብለው ገቡ። አዳራሹ ለጸሎት ሲነሣ እሳቸውም ተነሡ። አቶ ጅራታ፣ "እናቴ ይህን ቀን ብታይ ምን ባለች ነበር" ብለው ዕንባቸው መጣ፤ ወይዘሮ ኢብሴም አብረው አለቀሱ። ከዚያ በኋላ ሄደው የልጃቸውን እጅ ያዙ።

የኮሌጁ ኃላፊ አጠገብ ነበሩ። "አቶ ጅራታ፣ ፎቶው ላይ ያሉትን እናትዎን ቁርጥ! ማን ናቸው?"

"አክስቴ ናቸው" አሉ አቶ ጅራታ። "የእናቴ ታናሽ።"

ሁሉም ወደ ወይዘሮ ኢብሴ ዞረ። እሳቸውም ልጃቸውን ትንሽ ካዩ በኋላ፣ "አዎ፣ እሷ ትበልጠኝ ነበር" አሉ። ምሳ ቀረበላቸው፤ በሉ። ሲመለሱ ቢሊሴ ተናደው፣ "ለምን ዝም አሉት?" ቢሏቸው፣ "ልጄን ሰው መሀል ላዋርደው?" አሉ።

ከዚያን ቀን ወዲህ ግን አንድ ነገር አጥብቀው ይናገሩ ነበር። "በሕይወት እያለሁ እናቴ ካላለኝ፣ ስቀበር ይባል። የሕይወት ታሪኬ ላይ ልጇ ጅራታ ብላችሁ ጻፉ፤ የመቱ ሰው ሁሉ ባለበት ይነበብ።" ወይዘሮ ኡርጌ፣ "አንቺ ደግሞ፣ ሳትሞቺ ቀብርሽን ታዥያለሽ?" ብለው ሲቀልዱባቸው፣ "እኔ እንደሆንኩ ለምጄዋለሁ" ይሉ ነበር። ባለፈው ኅዳር በልብ ሕመም ሲተኙ ጽሑፉን ራሳቸው ለሮብሳን እየነገሩ አስጀመሩ። የልጃቸው ስም ያለበትን መስመር መነጽራቸውን አድርገው ካነበቡ በኋላ፣ "በል፣ ይኸን እንዳትነካው" አሉ። አቶ ጅራታ እንዲመጡ ሦስት ጊዜ ተደውሎላቸዋል። የቡና ጭነት ላይ ነኝ ብለዋል።

ወይዘሮ ኢብሴ በተወለዱ በሰባ ሦስት ዓመታቸው አርፈው ዛሬ፣ ጥር 10 ቀን፣ ከባለቤታቸው ጎን ይቀበራሉ። የአንድ ወንድና የአንዲት ሴት ልጅ እናት፣ የአምስት ልጆች አያት ነበሩ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ለነፍሳቸው የተጸለየውን ጸሎት እግዚአብሔር ዛሬ ይቁጠርላቸው፤ በስማቸው በሚጠሩበት ቤት ያሳርፋቸው።

ከቀብሩ በኋላ የተጨመረ፦ አቶ ጅራታ ከኮሌጁ ኃላፊና ከመቱ ነጋዴዎች ጋር በሁለት መኪና ለቀብሩ መጥተው ነበር። ይህን ጽሑፍ የሚያነበው የሰፈሩ መምህር ማሙሽ ነበር፤ አቶ ጅራታ ከመነበቡ በፊት ወደ ጎን ጠርተውት "ልጃቸው" የሚለው "የእህታቸው ልጅ" ተብሎ እንዲነበብ ጠየቁ። ሌላውንም እንዲያሳጥረው ነገሩት። እንዳሉት ተነበበ።