ኮከብ ስላለበት ፓፓያ እና ስለ ታሰረው ሹፌራችን

ናዝሬት፣ ጥር 12 ቀን 1979 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጓድ ፈይሳ
የጭነት ቁጥጥር ኬላዎች ማስተባበሪያ ኃላፊ

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎና ለቤተሰብዎ ጤና፣ እንዲሁም ቢሮዎ በመጣሁ ቁጥር ብቻውን ለማገኘው ወንበርዎ ጤና ያለኝን ምኞት በታላቅ አክብሮት እገልጻለሁ። እኔ በናዝሬት ገበያ ፍራፍሬ እየሸጥኩ የምተዳደር ሴት ስሆን፣ የሚከተለውን ለማቅረብ እገደዳለሁ።

1ኛ/ አዲስ የጭነት ቅጽ ስላሳተሙልን አመሰግናለሁ። በአሮጌው ቅጽ «የጭነት ዓይነት» በሚለው ሥር ሃያ ሁለት ምርጫዎች ብቻ ስለ ነበሩ፣ ፓፓያ የጫነ ሁሉ «ዱባ» የሚለው ላይ ምልክት እያደረገ ያልፍ ነበር፤ ዱባውም ቅር ብሎት አያውቅም። በአዲሱ ግን ሃያ ሦስተኛ ሆኖ «ፓፓያ» ታትሟል። አጠገቡ አንዲት ትንሽ ኮከብ አለች፤ ከግርጌ ደግሞ «ኮከብ ያለበት ምርጫ የሚሠራው ሰርኩላር በደረሰው ኬላ ብቻ ነው» ይላል። ዓይኔ ደከም ስለሚል ግርጌውን ያነበብኩት ሹፌራችን ከታሰረ በኋላ ነው።

2ኛ/ ሹፌራችን ኃይለየሱስ ከዝዋይ ፓፓያ ጭኖ ሲመጣ፣ የመጀመሪያው ኬላ ሰርኩላሩ ደርሶት ስለ ነበር «ፓፓያ» ላይ ምልክት አድርጎ፣ ማኅተም ተመትቶለት፣ መልካም መንገድ ተብሎ አለፈ። ሁለተኛው ኬላ ግን አልደረሰውም፤ ስለዚህ በዚያ ኬላ ፓፓያ የሚባል ነገር የለም። ተቆጣጣሪው ጓድ ገመዳ ይህንኑ በትዕግሥት ካስረዱ በኋላ፣ ከሌለው ፍሬ አንዱን መርጠው በሴንጢ ቆርጠው በልተው ጣፋጭ መሆኑን መስክረዋል። ሁለተኛም ስለደገሙ ምስክርነታቸው የጸና ነው።

3ኛ/ ጓድ ገመዳ ክፉ ሰው አይደሉም፤ ቅጹን ቀዶ በሌላ ቅጽ ላይ «ዱባ» ብሎ እንዲሞላ መክረውታል። ኃይለየሱስ ግን ጸሎት ቤት የሚሄድ፣ ውሸት የማይሆንለት ሰው ስለሆነ፣ ማኅተም ያረፈበትን ወረቀት ቀድጄ ፓፓያን ዱባ አልልም አለ። በዚህም «ያልታወቀ ዕቃ በማዘዋወር» ተብሎ ኬላው ላይ ከታሰረ ይኸው ስምንት ቀኑ ነው። ፓፓያው እዚያው መኪናው ላይ በስብሶ አልቋል። አሁን በእርግጥም ፓፓያ ስለሌለ ኬላው ትክክል ሆኗል፤ እንኳን ደስ አላችሁ።

4ኛ/ በዚህኛው አልቀልድም። የኃይለየሱስ ባለቤት የሺዓለም ወሯ ገብቷል። በየቀኑ ስንቅ ቋጥራ በአውቶቡስ እየተመላለሰች፣ ከኬላው ደጅ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ትውላለች። እዚያው ምጥ ቢይዛት ማን ይደርስላታል? ደግሞ አዲሱን ቅጽ አይቼ ደስ ብሎኝ «ከእንግዲህ ዱባ አንልም» ያልኩት እኔ ነኝ። እሱ ያልኩትን ሰማ፣ ታሰረም፤ እኔ ቤቴ እተኛለሁ። እንቅልፍ ግን የለኝም።

የሁለተኛው ኬላ ሰርኩላር ተጽፎ እንዳለቀና ከእርስዎ ጠረጴዛ ላይ ፊርማ ብቻ እየጠበቀ ሦስት ሳምንት እንዳለፈው ጸሐፊዎ ወይዘሪት ጉዲቱ አሳይተውኛል። ስለዚህ የምለምንዎ አንድ ፊርማ ነው። ፖስታ እንዳያስቸግርዎ እኔው ራሴ ይዤው እሄዳለሁ፤ ወረቀት የጭነት ዓይነት ሆኖ ኮከብ ካልተደረገበት በቀር።

ፓፓያን በስሙ ለመጥራት ያበቃንን ጽሕፈት ቤት በማመስገን፣ በፍጹም ትሕትና ከወገቤ ጎንበስ ብዬ እሰናበታለሁ።

ቶይባ ሱሩር
የማይታወቅ ዕቃ ነጋዴ

ግልባጭ፦
ለገበያው መግቢያ ግድግዳ (በሙጫ ተለጥፏል)

ማሳሰቢያ፦ እስረኛ ሲለቀቅ የሚሞላውን ቅጽ ትናንት ኬላው ላይ አየሁት። «የሚለቀቅበት ምክንያት» በሚለው ሥር ሦስት ምርጫዎች አሉ፦ «ቅጣቱን የጨረሰ»፣ «የሞተ»፣ «ያለ ጥፋቱ የታሰረ»። በዚህ ጊዜ ግርጌውን አስቀድሜ አነበብኩ። ኮከብ ያለበት ሦስተኛው ነው።