ለዓሣው ሁለተኛ ዓይን የቀረበ አቤቱታ

ለተከበሩ አቶ ደጀኔ አድማሴ
የወጣት ሠዓሊያን ውድድር የዳኞች ሰብሳቢ
ፍኖተ ሰላም

ክቡር ሆይ፣ ከእርስዎም ከመነጽርዎም ጤና አይለይ። ምስጋናዬ ብዙ ነውና ሳልረሳው በተራ ልደርድረው።

እንደሚያውቁት የቡሬዋ አቻምየለሽ ታከለ፣ በባጃጅ ጀርባ ላይ አንበሳና አበባ እየሣለች የምታድረው ልጅ፣ «ከምድር የጠፋ እንስሳ ሣሉ» ብላችሁ ለጠራችሁት ውድድር ደንክሊዮስቲየስ የሚባለውን የጥንት አዳኝ ዓሣ ሥላ አቅርባለች። ሰው ከመፈጠሩ በፊት ባሕር ያስጨነቀ፣ ጭንቅላቱ የአጥንት ጋሻ የለበሰ፣ በጥርስ ፈንታ እንደ መቀስ የሚገጥም መንጋጋ ያለው ጉድ ነው። ፊት ለፊት ሲመጣብን ስለሣለችው ያየው ባለ ጋሪ ሁሉ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ብሏል።

አንደኛ፤ ከዳኞቹ አንዱ ዓሣውን በዓይኑ ያየ ምስክር እንዲቀርብ በመጠየቃቸው አመሰግናለሁ። ፍርድ ያለ ምስክር እንደማይጸና የጎጃም ሰው መቼ ይጠፋዋል! ዳሩ ግን ያን ዓሣ በቅርብ ያየው ሁሉ ስለተበላ፣ ምስክር በማጣታችን ይቅርታ እንጠይቃለን።

ሁለተኛ፤ በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ክፉዎች በጎን ተሥለው አንድ ዓይናቸው ብቻ እንደሚታይ፣ ሁለት ዓይን የደጋጎች ድርሻ እንደሆነ አስታውሳችሁ፣ ሌላውን የሚበላ ፍጡር በሁለት ዓይን ሊያየን አይገባም በማለት አንደኛውን በቀለም እንድታጠፋው አዝዛችኋል። ሥርዓቱን ከእናንተ እኩል አከብራለሁ። ነገር ግን ጆሮዬ እንደለቀመው፣ የከተማችንን ደብር ግድግዳ የሣሉት መሪጌታ ኃይለ ሚካኤል ይህን ሲሰሙ ዓሣ አይኮነንም፣ ንስሐም አይገባም ብለው እንባ እስኪያነቡ ስቀዋል።

ሦስተኛ፤ ዓይኑ ካልጠፋ ሥዕሉ ሰኞ ወደ ባሕር ዳር ከሚጫኑት ጋር አይሄድም ብላችኋል። ለልጅቱ ሥራዋ በትልቅ አዳራሽ የሚታይበት የመጀመሪያ ዕድሏ ነው። ብታጠፋው ደግሞ ያ አስፈሪ ዓሣ አንድ መብራቱ የተቃጠለ ባጃጅ መምሰሉ ነው። ምርጫውን እንዲህ ስላቀለላችሁላት እናቷ አቤት ስትመርቃችሁ!

ስለዚህ ክቡርነትዎ ዓሣውን ከነሁለት ዓይኑ እንዲያሳልፉልን እጅ እነሣለሁ።

በደጅዎ ነጠላዬን አደግድጌ የቆምሁ፣ የዓሣው ነገረ ፈጅ፣ የእርስዎም የዕድሜ ልክ አድናቂ፣
ሰርካለም እንዳለው

በኅዳግ፦ በአስፋልቱ ዳር ባሰቀሉት የውድድሩ ማስታወቂያ ላይ ክቡርነትዎ በጎን ፎቶ ተነሥተው አንድ ዓይንዎ ብቻ ይታያል፤ ሕዝቡም ሥርዓቱን ከእናንተ ስለተማረ ትርጓሜውን ጀምሯል። አቻምየለሽ ግን ቀለሟን ይዛ መጥታ የጎደለውን ዓይን በነጻ ልትጨምርልዎ ፈቃደኛ ናት።