የሳምሶን ጃኬት

ሰኔ 3፣ ማክሰኞ

ዛሬም ሁለት ቀጠሮ፣ ሁለቱም ተላለፉ። አንዱ ዳኛው ታመው፣ ሌላው መዝገቡ ሳይቀርብ። ትርፌ የልደታን ደረጃ መውጣት መውረድ ብቻ። ጫማዬ በስብሷል፤ መንገዱን እስከ በሩ ድረስ ቆፍረውታል።

ከሰዓት ደረጀ መጣ። ታስታውሺዋለሽ ማስታወሻዬ፣ ሚኒባስ ሹፌሩ፤ አምና ሐምሌ አብነት ሰፈር ሰው ገጭቶ ገድሎ አመለጠ ተብሎ የተከሰሰው። በዋስ ነው ያለው። ፍ/ቤቱ ተከላከል ብሎታል፤ ሰኔ 18 ቆሞ ራሱ ቃሉን ይሰጣል። አለማመድኩት። መስመራችን አንድ ነው። መግጨቱን አንክድም፤ ሰው መሆኑን ግን አላወቀም። ንጋት ነው፣ ዝናብ ነው፣ መንገዱ የተቆፈረ ነው። ጓ ሲል ድንጋይ መሰለው፣ ነዳ። ሰው መግጨቱን ያላወቀ ሰው ጥሎ ሄደ አይባልም። የዐ/ሕግ ምስክሮችም፣ እዚያ ያለው ዳቦ ቤት ሠራተኛና አንድ ጥበቃ፣ መኪናው ሳይቆም ማለፉን እንጂ ሌላ አላዩም፤ ሁለቱም አሁን ሰፈሩን ለቀዋል።

በውስጥህ አውቀህ ነበር ወይ ብዬ ግን ጠይቄው አላውቅም። ማንንም አልጠይቅም። መልሱ እጄን ያስረዋል።

ጃኬት ለብሷል። ጥቁር ሰማያዊ፣ ክርኑ ላይ ቆዳ የተለጠፈበት፣ ትከሻው የሰፋው። ማን አለበሰህ፣ ዘንጠሃል ብዬ ቀለድኩበት። አልሳቀም። የሰው ነው አለ።

ሰኔ 6፣ ዓርብ

ደ. ሳይጠራ መጣ። በሩን ዘጋ። ተቀመጥ ብለው አይቀመጥም። ከዚያ ተናገረ። በቃ ማለት ሲገባኝ ዝም ብዬ ሰማሁ።

በማግስቱ ወደ ቦታው ተመልሶ ነበር። ለምን እንደሄደ አያውቅም። ድንኳን ተተክሏል። ሰው ሲገባ አብሮ ገባ፣ ተቀመጠ። ንፍሮ ሰጡት፤ እፍኙ ውስጥ ይዞት ዋለ። የሟች እናት አዩትና የሳምሶን ጓደኛ ነህ ወይ አሉት። አዎ አለ። ሦስቱንም ቀን ውኃ ሲያዞር፣ ወንበር ሲደረድር ከረመ። ድንኳኑ ሲነቀል እንጨት ተሸከመ። ከዚያ ወዲህ እግሩ ከዚያ ቤት አልጠፋም። ውኃ በፈረቃ ሲመጣ ጀሪካን የሚሞላላቸው እሱ። ጤና ጣቢያ የሚወስዳቸው እሱ። ፖሊስ ደርሶበት የታሰረ ጊዜ እንኳ ሲፈታ አሞኝ ነበር ብሎ ነው የተመለሰው።

እማማ አስካለ ይባላሉ። ሌላ ልጅ የላቸውም። የገዳዩን ስም እንዳትነግሩኝ ብለው ዘመድ ጎረቤቱን አስምለዋል፤ ችሎትም ረግጠው አያውቁም። ደ.ን አቡሽ ነው የሚሉት። የቤት ስሙ ነው፤ እሱን ነበር የነገራቸው።

ጃኬቱ የሳምሶን ነው። ክረምት ገባ፣ ብርድ እንዳይመታህ ብለው ራሳቸው አለበሱት።

እውነቱን ልንገርሽ፣ መጀመሪያ አላዘንኩም። ተናደድኩ። ድንጋይ መሰለኝ የሚል ሰው ድንኳን ውስጥ ምን ይሠራል? ለቅሶ መድረሱ ራሱ ማወቁን ይመሰክርበታል። የሚመሰክሩበት ደግሞ እማማ አስካለ ናቸው፣ ፊቱን ተከሳሽ ሳጥን ውስጥ ካዩት። ሁለተኛ እዚያ ቤት እንዳትደርስ ብዬ ጮህኩበት። እሺ አለ። እሺታው አላማረኝም።

ሰኔ 9፣ ሰኞ፣ ሊነጋ ሲል

እንቅልፍ የለም። ከኮንዶሚኒየሙ ሥር መኪና ባለፈ ቁጥር ጎማው ጉድጓዱ ውስጥ ይገባና ጓ ይላል። በየጊዜው ብድግ እላለሁ። መስኮቱን ከፍቼ አያለሁ። ማንም የለም።

ደ. የመጀመሪያ ቀን ቢሮዬ ሲመጣ ምን ሰማህ ብዬው ነበር። ድምፅ ሰማሁ አለኝ። እኔ ነኝ፣ “ድንጋይ መሰለህ አይደል?” ያልኩት። ቀና ብሎ አየኝ፣ አዎ በሚል ራሱን ነቀነቀ። ድንጋይ የሚለውን ቃል ያጎረስኩት እኔ ነኝ። ስንቱን ሹፌር እንዲህ አጉርሼ ይሆን?

እዚያው ቀን፣ ከቀኑ 11፡00

አብነት ሄድኩ። ቦታውን ላየው፣ ለመከላከያው ይጠቅመኛል ብዬ ራሴን ሸነገልኩ። ዳቦ ቤቱ አለ። መንገዱ አሁን ተደልድሏል፤ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል።

ከዳቦ ቤቱ ጀርባ ባለው ቅያስ ማንን ባይ ጥሩ ነው? ደ.ን። በሁለት እጁ ጀሪካን አንጠልጥሎ። እሺ ብሎኝ ነበር እኮ! አንድ ነገር ሳልለው እማማ አስካለ በሩ ላይ ብቅ አሉ። ቀጭን ናቸው፣ ዓይናቸው ግን ቁጣ የሌለበት። አዩኝ፣ እሱን አዩት። የአቡሽ እህት ነሽ ወይ አሉኝ። አዎ አልኩ። እንዲህ ቀላል ነው። ለካ እሱም እንዲሁ ነው የገባበት።

አስገቡኝ። ቆሎ ሰጡኝ። ግድግዳው ላይ ሳምሶን፣ በዚያው ጃኬት። ሳቂታ፣ ትከሻ ሰፊ። ደ. ከፎቶው ሥር ጎንበስ ብሎ ውኃ ወደ በርሜሉ ይገለብጣል። እኔ አንዱንም ማየት አልቻልኩም።

ሳልጠይቃቸው አወሩኝ። ሳምሶን ዳቦ ቤቱ ነበር የሚሠራው፣ ንጋት ላይ ወደ ሥራው ሲሄድ ነው የተገጨው። ጓደኞቹ ሲደርሱ ነፍሱ ነበረች። ውኃ ስጡኝ ብሏቸው ነበር። የገጨው ሰውዬ ወዲያው አንስቶት ቢሆን ይተርፍ ነበር ብሏል ሐኪሙ። ይህን ሲሉ የውኃው ድምፅ ቆመ። ደ. ጀሪካኑን ቀና አድርጎ እንደያዘ ቀርቷል። እማማ አልዞሩም፤ ቆሎ ጨመሩልኝ።

ከዚያ ነገሩን ተናገሩት። ሐምሌ ላይ ሙት ዓመቱ ነው። ከዚያ በፊት የዚያን ሰውዬ ፊት ላየው እፈልጋለሁ አሉ፤ ፊት የሌለው ሰው በሕልማቸው እየመጣ አስቸግሯቸዋል። ቀጠሮው ሰኔ 18 መሆኑን አጠያይቀው ደርሰውበታል። “እጄን ይዞ የሚያስገባኝ አቡሽ ነው፤ ብቻዬን እፈራለሁ” አሉ።

ደ. እሺ እማማ አለ።

ሰኔ 12፣ ሐሙስ

ቢሮ የምጋራውን ጌትነትን ጠየቅሁት፣ የሌላ ሰው ጉዳይ አስመስዬ። ሳያስጨርሰኝ መለሰ። ተከሳሹ ታመመ በይ፣ የሐኪም ወረቀት አስይዢ፣ ፍ/ቤቱ ለክረምት ይዘጋል፣ አሮጊቷ እስከዚያ ይሰለቻሉ። ሽሮውን እየጠቀለለ ነው የሚለኝ። ብልጥ ነው። እኔም ብልጥ ነበርኩ፣ እስከ ሰኞ።

ማመልከቻውን ጻፍኩት። ሳነበው አፈርኩ። አጠፋሁት።

ያ ፊት የሌለው ሰውዬ በእኔም ሕልም መጣ። ጃኬት ለብሷል። ክርኑ ላይ ቆዳ አለው።

ሰኔ 14፣ ቅዳሜ

ሜክሲኮ፣ አንድ ካፌ ፎቅ ላይ ከደ. ጋር ተገናኘን። ሻይ አዘዝን፣ ሁለታችንም ሳንጠጣው ቀዘቀዘ።

በመጨረሻ ጠየቅሁት። ያልጠየቅሁትን። አወቅህ ወይ?

አወቅሁ አለ። በኋላ መስታወት አየሁት፤ እጁን አንሥቶ ነበር። ሰው ተሰብስቦ የሚገድለኝ መሰለኝ። ፖሊስ ጣቢያ እሄዳለሁ ብዬ ነዳሁ፤ በሩ ድረስ ደረስኩ፣ አለፍኩት።

እንግዲህ እዚያ ቆመህ ድንጋይ መሰለኝ ስትል አላስቆምህም፣ አልኩት። ወይ ቃል አልሰጥም ትላለህ፣ መብትህ ነው፤ ወይ እውነቱን ትናገራለህ፤ ወይ ሌላ ጠበቃ ፈልግ። ካመንክ ግን ትታሰራለህ፤ ዓመታት ነው። ማመንህ ቅጣቱን ሊያቀልልህ ይችላል እንጂ አያስቀረውም። ይህን ስል ድምፄ ተሰባበረ። ሕግ እያወራሁ ድምፄ ተሰብሮ አያውቅም።

አንድ ነገር ብቻ ጠየቀኝ። እኔ ከታሰርኩ ውኃውን ማን ይሞላላቸዋል?

አለቀስኩ። ካፌ ውስጥ፣ በሰው ፊት፣ እንደ ሕፃን። አስተናጋጇ ሶፍት አመጣችልኝ፤ የተጣላን ፍቅረኞች ሳንመስላት አልቀረንም።

እነግራቸዋለሁ አለ። ሳጥን ውስጥ ቆሜ ከሚያዩኝ በፊት ከእኔ አፍ ይስሙት። ዛሬ ሂድና ንገራቸው አልኩት። ሞክሬያለሁ አለኝ፤ እቤት ስገባ ምግብ ያቀርቡልኛል፣ ከዚያ አልችልም።

ሰኔ 17፣ ማክሰኞ

ደ. ደወለ። ዛሬም አልነገራቸውም። ነገ ጠዋት እቤታቸው መጥቶ ይወስዳቸዋል።

እማማ አቅፈውኝ ነበር ስሰናበታቸው፣ በዚያ ሰኞ። ትከሻዬ ላይ እስካሁን ይሰማኛል።

ሰኔ 18፣ ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 2፡40

ኮሪደር ላይ ነኝ። ጉልበቴ ላይ አስደግፌ ነው የምጽፍልሽ። 

መጡ። ዝናብ መትቷቸዋል። እማማ አስካለ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ የደ.ን ክንድ በሁለት እጃቸው ጨብጠው። ጃኬቱን ለብሷል። አንቺም መጣሽልኝ ብለው ሳሙኝ። አግዳሚው ላይ ተቀመጡ፣ እሱን አጠገባቸው አስቀመጡት።

የሚያልፈውን ወንድ ሁሉ ያዩታል። ካቴና የታሰረ አለፈ፣ ይሄ ይሆን አሉት። ከረባት ያሰረ አለፈ፣ ይሄኛው ይሆን? እንዳትለቀኝ ልጄ፣ ሳየው እንዳትለቀኝ።

2፡55

መስኮቱ ጋ ራቅሁ። ፊቱን ወደ እሳቸው ሲያዞር አየሁ። ቃሉን አልሰማሁም፤ አጭር ነበር።

ይጮኻሉ ብዬ ጠበቅሁ። ይማቱታል ብዬ ጠበቅሁ። አልጮኹም። ዓይናቸውን ፊቱ ላይ ተክለው ቀሩ፣ ሲፈልጉት የነበረውን ፊት።

“አውልቅ” አሉት።

አወለቀ። ተቀበሉት። ውኃውን በነጠላቸው ጠረጉለት፣ እጅጌውን ወደ ውስጥ አጠፉ፣ ጭናቸው ላይ አኖሩት። እሱ በሸሚዝ ብቻ ቀረ። ከአግዳሚው ተነሥቶ ግድግዳው ጋ ቆመ።

ወደ እኔም አዩ። እህቱ ነሽ ወይ ብለው አልጠየቁኝም። አይደለሁም፣ ጠበቃው ነኝ አልኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ።

ድንጋይ የሚለው መከራከሪያ ቦርሳዬ ውስጥ አለ። አላወጣውም። ደ. እውነቱን ይናገራል፤ እኔም ያንን ቃል ማን እንዳጎረሰው ለዳኛው እናገራለሁ። የጥብቅና ፈቃዴን ቢነጥቁኝም ይንጠቁኝ።

ተጠራን። ፖሊሱ ስሙን ከነአባቱ ጮኾ ጠራ። እማማ አስካለ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰሙት። ከሁላችንም ቀድመው ተነሡ፣ ጃኬቱን ታቅፈው፣ ማንም ሳይደግፋቸው ገቡ። ደ. ተከተላቸው። ልግባ፣ እኔም።