ስለ ተሸለምኩት ድንጋይና አብሮት ስለ መጣው ቡናማ አበባ

ለክቡር ኢንጂነር ስፓስ ካራጎዞቭ
የቡርጋስ የጨው ውኃ ዓሣ አርቢዎች ማኅበር ሊቀ መንበር
ባሉበት

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎንና የቤተሰብዎን ጤንነት፣ እንዲሁም ባለፈው ጠቅላላ ጉባኤ ሁለት ሰዓት ተኩል ያለ ዕረፍት ሲናገሩ አንዲት እክል ያልገጠመውን የጉሮሮዎን ጤንነት በታላቅ አክብሮት እጠይቃለሁ። እኔ ራይና ቶፓሎቫ፣ በፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ሠላሳ አንድ ዓመት ያገለገልኩ ጡረተኛ፣ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ይህን ደብዳቤ በጋዜጣ ያወጣሁት በድፍረት ሳይሆን የእርስዎን አርአያ በመከተል ነው። እርስዎ ስለ እኔ የጻፉትን ማስታወቂያ አላፊ አግዳሚው ሁሉ እንዲያነበው በማኅበሩ በር ላይ ስለ ለጠፉት፣ መልሱን በፖስታ አሽጌ ብልክልዎ ክብርዎን ዝቅ ማድረግ መስሎ ታየኝ።

ጉዳዩን ለማያውቁ አንባቢያን በአጭሩ ላስረዳ። ታላቅ እኅቴ ቬሊካ ከሦስት ዓመት በፊት ስትሮክ መቷት ቀኝ ጎኗ አልታዘዝ፣ አንደበቷም አልፈታ ብሏታል። አልጋዋ ሳሎን ውስጥ ነው፤ ከአልጋዋ ትይዩ የጨው ውኃ ያለበት የዓሣ ገንዳ አለን። በገንዳው ውስጥ ነጭ ቀበቶ የታጠቁ የሚመስሉ ሁለት ብርቱካናማ ዓሦች ይኖራሉ። የሚያድሩት ጣት ጣት የሚያክል ቅርንጫፍ ባለው፣ ኮራል በሚባል ለስላሳ የባሕር ፍጥረት መካከል ነው። ጠዋት ብቅ ሲሉ እኅቴ ግራ እጇን አንሥታ ሰላም ትላቸዋለች። የቤታችን ቀን የሚጀምረው በዚህ ነው። እንግዲህ ወደ ምስጋናዬ ልለፍ።

አንደኛ፤ ባለፈው ጥቅምት ማኅበሩ የተመሠረተበት በዓል ሲከበር ስለ ትጋቴ ብለው ከራስዎ ገንዳ ያወጡትን የዓሣ ገንዳ ማስዋቢያ ድንጋይ ስለ ሸለሙኝ አመሰግናለሁ። ድንጋዩ ላይ የአውራ ጣት ጥፍር የምታክል ቡናማ አበባ ተለጥፋ ነበርና ምን እንደ ሆነች ብጠይቅዎ፣ በሁሉ ፊት፣ «ይቺ ምርቃት ናት እትዬ ራይና። ሌላው ለምኖ የማያገኛት የባሕር አበባ ናት፤ ዕድለኛ ነዎት» አሉኝ። ሰው አጨበጨበ። እኔም ዕድሌን በፎጣ ጠቅልዬ ቤቴ ወስጄ ገንዳችን ውስጥ አስቀመጥኩ። አበባ የተባለችው አፍ ያላት፣ በዙሪያዋ ባሉት ክሮች የደረሰችበትን ሁሉ የምትናደፍ፣ አንዲት ቁራጯ ብትቀር ከቁራጯ እንደ ገና ሙሉ ሆና የምትነሣ እንስሳ እንደ ሆነች የተረዳሁት ኋላ ነው። መቼም ሊቀ መንበር ሁሉን ነገር ማወቅ አይጠበቅበትም፤ ከአባላቱ አንድ ቀን ቀድሞ ቢያውቅ ይበቃል።

ሁለተኛ፤ በኅዳር ወር አበባዋ ሦስት ሆና ስደውልልዎ፣ «በጣትዎ ነቅለው ይጣሏት፤ ይህ ምን ጥያቄ ነው?» ብለው ስለ ሰጡኝ ምክር አመሰግናለሁ። ነቀልኳቸው። በሁለተኛው ሳምንት ዐሥራ ዘጠኝ ሆኑ። ደግሜ ስደውል፣ «ችግሩ አነቃቀልዎ ላይ ነው። ሴቶች ስትነቅሉ ትሳሳላችሁ» አሉኝ። ይህን የሰማችው ጎረቤቴ ዶብራ፣ አምስት ልጅ አሳድጋ ሦስት ባል የቀበረች ሴት፣ እስከ ዛሬ ድረስ በመንገድ ስታይዎ ለምን እንደምትስቅ ግራ ገብቶዎት ከሆነ ምክንያቱ ይኸው ነው።

ሦስተኛ፤ የፈላ ውኃ በመርፌ እንድወጋቸው አዘዙኝ። መርፌውን ልገዛ ስሄድ ፋርማሲስቷ፣ «ለማን ነው?» አለችኝ። «ለአበባ ነው፤ የፈላ ውኃ ልወጋት ነው» አልኳት። መርፌውን በእጇ እንደ ያዘች ትንሽ አየችኝና፣ «እትዬ ራይና፣ እኅትሽን የሚያግዝሽ ሰው አለ? እንቅልፍስ ትተኛለሽ?» አለችኝ። ወጋኋቸው። ውኃው ሳይደርስባቸው ወደ ድንጋዩ ቀዳዳ ተሰበሰቡ፤ በማግሥቱ ሻወር ወስዶ እንደ ወጣ ሰው አምሮባቸው ብቅ አሉ። የተቃጠለው የእኔ አውራ ጣት ብቻ ነው። ቀጥለው የሎሚ ጭማቂ እንድወጋቸው አዘዙ። እኔ እስከማውቀው እኛ ከተማ ለዓሣ ሎሚ የሚጨመቅለት ከተጠበሰ በኋላ ነው፤ ቢሆንም ትእዛዝ አከበርኩ። ጥቂቶቹ ሞቱ፤ የቀሩት ለሞቱት ምትክ አመጡ።

የካቲት ላይ መቶ አርባ ቆጥሬ መቁጠሩን ተውኩ። ያን ጊዜ ኮራሉ ጋ ደርሰው ነበር። ኮራሉ እየተነደፈ ከቀን ወደ ቀን ተኮራምቶ እንደ ረገበ ጓንት ሆነ። ሁለቱ ዓሦች መኝታቸውን ለቀው ከፓምፑ ጀርባ፣ ከእኅቴ አልጋ በማይታየው ጥግ ተሸሸጉ። ቬሊካ አራት ቀን እጇን አንሥታ ጠበቀቻቸው። በአምስተኛው ቀን ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች፤ ሾርባም ስሰጣት አፏን ገጠመች። ክቡር ሆይ፣ እዚህ ቦታ ላይ ለእርስዎ የሚገባውን ፌዝ ፈልጌ አጣሁ፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ።

አራተኛ፤ በማግሥቱ ቢሮዎ ድረስ ብመጣ፣ ስለ ማኅበሩ የግንቦት ኤግዚቢሽን ባንዲራ ቀለም የሚመክር ስብሰባ ላይ ሳሉ ለሁለት ደቂቃ ስለ ተቀበሉኝ ውለታዎ አለብኝ። «ዓሣ የሚያረባ ሰው ትዕግሥት ይኑረው። ካልቻሉ ሁሉንም ይድፉትና እንደ ገና ይጀምሩ» አሉኝ። «እኅቴንስ ምን ልበላት?» ብዬ ብጠይቅ፣ ዓይንዎን ከባንዲራው ሳያነሡ፣ «ቴሌቪዥን ይክፈቱላት» አሉኝ። እኔ በመዝገብ ቤት ዘመኔ ብዙ ውሳኔ በእጄ ገልብጫለሁ፤ በሁለት ቃል እንዲህ የተጠናቀቀ አላጋጠመኝም።

አምስተኛ፤ ከሦስት ቀን በኋላ፣ «የወይዘሮ ቶፓሎቫ ገንዳ የተባይ ምንጭ መሆኑ ስለ ተረጋገጠ አባላት ከእርሳቸው ድንጋይም ውኃም እንዳይቀበሉ፤ እርሳቸውም ከግንቦቱ ኤግዚቢሽን የታገዱ መሆኑ ይታወቅ» የሚለውን ማስታወቂያ ለጠፉ። ለዚህኛው የማቀርብልዎ ምስጋና የምር ነው። ማስታወቂያውን አንዱ አላፊ በስልኩ አንሥቶ ለመሳቂያ ሲያዞረው፣ ሳይታሰብ ፕሎቭዲቭ የሚኖሩ ሚንቾ ገርጎቭ የሚባሉ የጥርስ ሐኪም ዘንድ ደረሰ። ስልክ ቁጥሬን አፈላልገው ደወሉልኝ።

«እትዬ፣ ስምዎን የለጠፉበትን ወረቀት አየሁት» አሉ። «መጀመሪያ ሳቅሁ፤ ኋላ ተናደድኩ። ክሊኒኬ ጀርባ ቅርፊት የሌላቸው የባሕር ቀንድ አውጣዎች አረባለሁ፤ ዐሥራ ሁለት ልላክልዎ?»

«ምን ይበላሉ?» አልኳቸው።

«ያንን አበባዎን ነዋ። ከእሱ በቀር ምንም አይቀምሱም፤ ሲያልቅባቸው ይሞታሉ። ብቻ አይቸኩሉ፤ ተደብቀው ስለሚውሉ የሞቱ ይመስልዎታል። ሁለት ሦስት ወር ይታገሡኝ።»

ቀንድ አውጣዎቹ በአውቶቡስ ሹፌር እጅ በፔርሙስ መጡ። ሹፌሩ ከፕሎቭዲቭ ጀምሮ ፔርሙሱን ከጎኑ አቁሞ፣ እንዳይወድቅ በጃኬቱ ደግፎ ነው ያመጣው። «ሾርባ ነው?» አለኝ። «ሐኪም ለእኅቴ ያዘዘላት ነው» አልኩት፤ ውሸትም አልነበረም።

አምስት ሳምንት ሙሉ አንዳቸውንም አላየሁም። ለዶክተሩ ሁለት ጊዜ ደውዬ ተነጫነጭኩባቸው፤ ሁለቱንም ጊዜ፣ «ይታገሡኝ ብዬዎት ነበር» አሉኝ። በስድስተኛው ሳምንት መስታወቱ ላይ እንደ ነጭ ክር የተጠቀለለ እንቁላል አየሁ። ከዚያ በግራ በኩል ያሉት አበቦች ሳሱ፤ ከዚያ መካከሉ ተራቆተ። በሰኔ መጨረሻ በማጉያ መነጽር ፈልጌ አንዲትም አጣሁ። የረገበው ኮራል ቅርንጫፎቹን አንድ በአንድ መዘርጋት ጀመረ።

አንድ ሐሙስ ጠዋት ወጥ ቤት ቃሪያ እየከተፍኩ ሳለ ከሳሎን ድምፅ ሰማሁ። ሬዲዮው ዝግ ነበር።

«ራይና» አለች እኅቴ። ሦስት ዓመት ስሜን አልጠራችም። «ወጡ።»

ቢላዋውን እንደ ያዝኩ ሮጬ ገባሁ። ሁለቱም ዓሦች ኮራሉ ውስጥ ነበሩ። ቬሊካ እጇን አንሥታለች፤ የሚንቀጠቀጠውን አገጯን ልታሳየኝ ስላልፈለገች ዓይኗን ከገንዳው አልነቀለችም። እኔም የማለቅሰው በቃሪያው ነው ብዬ ተቀመጥኩ። ከዚያ ቀን ወዲህ በቀን አራት አምስት ቃል ትናገራለች፤ ከነዚህም አንዱ አብዛኛውን ጊዜ ሾርባዬ ጨው እንዳነሰው የሚገልጽ ነው።

ስድስተኛውና የመጨረሻው ጉዳይ የሚከተለው ነው። ቀንድ አውጣዎቹ በዝተው፣ የሚበሉት አጥተው ሊያልቁ ሆነ። ለማኅበሩ አባላት፣ «የቸገረው ካለ በነፃ ይውሰድ» ብዬ ባስታውቅ ሁሉም ገንዳቸው ንጹሕ እንደ ሆነ በክብር መለሱልኝ። በሳምንቱ ደጄ ይንኳኳ ጀመር። የመጣ ሁሉ፣ «ለእኔ አይደለም፤ ለአንድ ወዳጄ ነው» ይላል። እኔም ወዳጅየውን አልጠይቅም፤ የቃሪያ ድልህ የነበረበትን ማሰሮ አጥቤ፣ ውኃና ቀንድ አውጣ ሞልቼ እሰጣለሁ። ከማኅበራችን ዐሥራ አራት አባላት እስከ ዛሬ ዐሥሩ ወዳጅ እንዳላቸው አረጋግጫለሁ። ከእነዚህ ሰባቱ የእርስዎ ድንጋይ የተሸለሙ ናቸው። እያንዳንዱ የመጣበትን ቀን መዝግቤአለሁ፤ የሥራ ልማድ አይለቅም።

ስለዚህ ክቡርነትዎ ማስታወቂያውን ከበሩ ላይ እንዲያነሡልኝ በትሕትና አመለክታለሁ። ማንሣቱ ከከበደዎ፣ «የተባይ ምንጭ» ከሚለው በፊት ያለውን ስም ብቻ በትክክለኛው ይተኩልኝ፤ ፊደሉ ይጣበብ ይሆናል እንጂ በወረቀቱ ላይ ቦታ አለ።

ለረጅም ዘመን በወንበርዎ ላይ እንዲሰነብቱ፣ ገንዳዎችንም ከሩቅ ሆነው እንዲመሩ ከልብ የምመኝ፣ በውለታዎ ብዛት የታገድኩ፣ ድንጋይዎን ቀቅዬ የአበባ ማሰሮዬን ያስደገፍኩበት፣
ታዛዥዎ
ራይና ቶፓሎቫ

ማስታወሻ፦ ባለቤትዎ ወይዘሮ ኢስክራ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ መጥተው የወሰዷቸው ሃያ ቀንድ አውጣዎች አየር እንዳያጥራቸው የማሰሮውን ክዳን ላላ ያድርጉላቸው። «ለየትኛው ወዳጅዎ ነው?» አላልኳቸውም፤ እርሳቸው ራሳቸው ናቸው፣ «ለስፓስ ነው፤ ገንዳው እንደ እርሻ ሞልቷል። መምጣቴንም ጻፊው፤ እሱ እንደ ሆነ ከጋዜጣ ካላነበበ አያምንም» ያሉኝ።